ለወንድሜ የዋሸሁት ትንፋሽ

አርብ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተነሳሁ። ለቤተሰቤ የነገርኳቸው አምባሰል ላይ የአክስቴ ልጅ ሠርግ እንዳለ ነው። ሠርጉ እውነት ነው። ነገር ግን ሐይቅ ዳር የሚያርሰውን ታናሽ ወንድሜን ይማምን በዓይኔ ማየትም ፈልጌ ነበር። ሁለታችንም አስም አለብን። ልጆች ሳለን እኔ ስሮጥ እሱ እያፈነው ደጃፍ ይቀመጥ ነበር። አሁን እኔ የቢሮዬን ደረጃ ስወጣ ሁለቴ አርፋለሁ፤ እሱ ግን በስልክ «ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ አፍኖኝ ጤና ጣቢያ አልገባሁም፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ።

ጣርማበር ላይ ጉም ተቀበለን፤ ሸዋሮቢት ላይ ሙቀቱና የሽንኩርት ጆንያ የጫኑ መኪኖች። ደሴ ስደርስ ደረቴ ሲር ሲር ይል ጀመር። የሐይቅ ሚኒባስ ውስጥ ሲያፍነኝ የምስበውን ሰማያዊ ፓፍ ሁለት ጊዜ ሳብኩ። ይማም ቤት አመሻሽ ላይ ደረስኩ፤ ሚስቱ ፋጤ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሳ አቀረበችልን።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሐይቅ

ይማም ቀጥ ብሎ ቆሞ አንዲት የፕላስቲክ ቱቦ በኃይል እፍ አለባት። ጠቋሚዋ ሽቅብ ተፈናጠረች።

«የትንፋሽ መለኪያ ናት፣ ጋሼ። ሦስቴ ነፍቼ ትልቁን እጽፋለሁ።»

አራት መቶ ሰማንያ ብሎ ጻፈ። ደብተሩ ላይ ነርሷ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አስምራለታለች። ቁጥሩ ቢጫ ከገባ በወረቀት የተጻፈለትን ያደርጋል፤ ቀይ ከሆነ መድኃኒቱን እየሳበ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ማፈኑን አስቀድሞ የሚከላከለውን ቡናማ ፓፍ ደህና ሲሆንም በየቀኑ ይስባል። እኔ የራሴን ካቋረጥኩ ቆይቻለሁ።

የመለኪያዋን አፍ አጥቦ ሰጠኝ። በዚህ መሃል ፋጤ ጠራችው። ሦስቴ ነፋሁ፤ ከሁለት መቶ ዘጠና አላለፈም።

«ስንት መጣ?» አለ ሲመለስ።

«አራት መቶ ስልሳ።»

«ማሻአላህ! በቅሎ ልለምንልህ ነበር፤ እንግዲያው ወደ ሠርጉ በእግራችን እንወጣለን።»

ረፋድ፣ ከውጫሌ ወደ ላይ

ከውጫሌ ወዲያ መንገዱ ለእግር ብቻ ነው፤ ድንጋይ፣ ቁልቋል፣ ደግሞ ድንጋይ። ይማም ከፊት ከፊት እየወጣ በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራል። ዳገት ላይ ለዜማ የሚሆን ትንፋሽ ተርፎታል! ከቅናቴ የተነሳ «ቆይ» ማለት አቃተኝ። ኋላ ግን ልበል ብልም ድምፅ አልወጣኝም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ዞር ብሎ ሲያየኝ ሮጦ መጣ። መለኪያዋን ከኪሱ አውጥቶ አስነፋኝ፤ መቶ ሰማንያ።

«ጠዋት ስንት ነበር? እውነቱን።»

«ሁለት... መቶ... ዘጠና።»

አልተቆጣም። መድኃኒቱ እንዳይባክን ታቹን በስቶ ያዘጋጀውን ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ከሰማያዊው ፓፍ ጋር አገጣጥሞ አንዷን ረጭቶ ቀስ ብዬ እንድስብ አደረገኝ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። «አብሽር፣ ጋሼ» ይላል በየመሃሉ። ትንሽ ሲለቀኝ በመንገዱ ከሚያልፉ ሠርገኞች በቅሎ ለመነና ወደ ውጫሌ አወረደኝ። ጤና ጣቢያ በጭንብል መድኃኒት ሰጡኝ፤ ኦክስጅንም አደረጉልኝ። ሠርጉ ሁለታችንንም አመለጠን።

ይማም የልቡን የተናገረው በደንብ መተንፈስ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

«ብትሞትብኝ አክስታችንን ምን እላታለሁ? ለምን ዋሸኸኝ?»

«ካንተ ላንስ አልፈለግኩም።»

ወለሉን አየ። «የሰው ቁጥር ከሰው አይወዳደርም እኮ። እኔ የምለካው ከራሴ ደህና ቀን ጋር ነው። አንተ ደህና ቀንህን እንኳ አታውቀውም።»

ይህ ከስድብ ይልቅ አመመኝ፤ እውነት ነበርና።

አዲስ አበባ

ሰኞ ቤቴ ገባሁ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ቡናማውን ፓፍ እንደገና ጀመርኩ፤ የራሴን መለኪያም ገዛሁ። ከሳምንታት በኋላ ያገኘሁት ትልቁ ቁጥር አራት መቶ አሥር ነው፤ ደህና ቀኔ እሱ ሆነ። ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ትምህርት ቀላል ነው፦ ትንፋሼን ከወንድሜ የደበቅኩ መስሎኝ የደበቅኩት ከራሴ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ይማም ደወለ። «ስንት ነፋህ?» አለኝ።

«ሦስት መቶ ዘጠና። አንተስ?»

«አራት መቶ ዘጠና።»

ቀናሁ። ስልኩን ዘግቼ ደብተሬ ላይ ሦስት መቶ ዘጠና ብዬ ጻፍኩ።