ከወለል ያነሳኋት የበርገር ዳቦ

ትናንት ቀትር ላይ... የምሳው ግርግር መሀል አንዲት የበርገር ዳቦ ከእጄ አምልጣ ወለሉ ላይ ዱብ አለች። በዚች ዳቦ ምክንያት ከሥራ ልባረር ነበር። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ለማታውቁኝ፣ ዘሃራ እባላለሁ፣ የደሴ ልጅ ነኝ። አሁን ላስ ቬጋስ፣ ስትሪፕ በሚሉት ዋና ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ፣ በርገር ቤቱ ኩሽና ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ዳቦ መጥበስ ነው። ለሁለት እከፍላታለሁ፣ ቅቤ እቀባታለሁ፣ የተቆረጠውን ፊቷን የጋለው ብረት ላይ እደፋለሁ፣ ቀላ ስትል አነሳለሁ። ቋሚ ለመሆን ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል። ቋሚ ስሆን ኢንሹራንስ አገኛለሁ፣ ባለቤቴ ጉልበቱን ኦፕሬሽን የሚደረገው ያኔ ነው። ሰውዬው ቤታችን ያለውን ስድስት ደረጃ ሁለት ጊዜ አርፎ ነው የሚወጣው።

ሥራ ስጀምር ያሠለጠነችን ሴትዮ የዚህን ዳቦ ታሪክ አጫውታናለች። ድሮ ስጋውን በተራ የተቆራረጠ ዳቦ መሀል ነበር የሚያቀርቡት፣ ጭማቂው ያረጥበውና እጅ ላይ ይበታተናል። ኋላ ነው ይቺ ክብ፣ ለስላሳ፣ ጭማቂውን የምትችል ዳቦ የመጣችው። እኔ እንደገባኝ በርገርን በርገር ያደረጋት ዳቦዋ ናት።

ታዲያ እኛ ኩሽና ይቺው ዳቦ ከላይዋ ትንሽ ጠፍጠፍ ካለች ወደ ቆሻሻ ናት። የተረፈውን ቤት ወስጄ በሽንኩርትና በበርበሬ ፍርፍር ላድርገው ብል፣ ክልክል። ጠዋት ለሠራተኛው በእንቁላል ይሰጠው ቢባል፣ እሱም ክልክል። የተፈቀደው መጣል ብቻ ነው። ይሄ ራሱን የቻለ ንዴት ነው፣ ልለፈው።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። ዳቦዋ ወደቀች። ሳላስበው ጎንበስ ብዬ አነሳኋት፣ ሳምኳት፣ ግንባሬን አስነካኋት፣ እግር የማይደርስበት ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳት። እናቴ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ፣ ዳቦ አይረገጥም። ስወጣ ለወፎች ልሰጣት ነበር ሐሳቤ። ጓንቴን ቀየርኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ተጠራሁ።

ማኔጀሩ ፊት ወረቀት ተቀምጧል። አጠገቡ ሊያ ቆማለች። ሊያ የሺፍታችን ሱፐርቫይዘር ናት። ወላጆቿ የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ቬጋስ ነው የተወለደችው። የእኔ እንግሊዝኛ ለኩሽና እንጂ ለቢሮ ስለማይበቃ ልታስተረጉምልኝ ነው የመጣችው። ለካ ሪፖርት ያደረገችኝም እሷው ናት... ከሳሼም አስተርጓሚዬም አንድ ሰው።

«እትዬ ዘሃራ፣ እዚህ ጋ ሳይን አድርጊ» አለችኝ።

«ምን ይላል?»

«ፍሎር ላይ የወደቀ ዳቦ አንስተሽ ለከስተመር ልትሰጪ ነበር ይላል። ሳይን ካደረግሽ ዋርኒንግ ብቻ ነው። ካላደረግሽ... ዛሬ ቤት ትሄጃለሽ።»

ደሜ ፈላ። እኔ? ከወለል ያነሳሁትን ለሰው የማበላ?

«አልፈርምም።»

«ግን እኔ አይቻለሁ። ሼልፍ ላይ አደረግሽው። ትራሽ ውስጥ አላደረግሽም።»

«ዳቦ ነዋ ልጄ። ዳቦ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል?»

ማኔጀሩ ምን እንዳልኩ ጠየቃት። ነገረችው። ግንባሩን ቋጠረ።

«ለምን ሳምሽው ይላል» አለችኝ።

«ስለወደቀ ነዋ።»

«የወደቀ ነገር ሁሉ ትስሚያለሽ ወይ ይላል።»

«ሹካ ሲወድቅ አልስምም በይው።»

ይሄን አልተረጎመችለትም።

አልዋሽም፣ የባለቤቴ ጉልበት ትዝ ሲለኝ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። ፈርመሽ ውጪ አለኝ ልቤ። ግን ያ ወረቀት ፋይሌ ውስጥ ቁጭ ብሎ «ዘሃራ ለሰው ቆሻሻ ልታበላ ነበር» እያለ ሊኖር ነው። ይሄንን ስም ይዤ እንዴት ነው ለሌላ ሰው ምግብ የማቀርበው? እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩ።

«እውነቱን ጻፉና እፈርማለሁ። ወደቀ፣ አነሳሁት፣ ሳምኩት፣ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። ለማንም አልሰጠሁም። ሄዳችሁ እዩ፣ እዚያው ናት» አልኩ።

ሦስታችንም ሄድን። ዳቦዋ ከወረቀት ኩባያዎቹ ካርቶን አጠገብ፣ ከምግቡ ሁሉ ርቃ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሊያ ቀና ብላ አየቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ማሚም እንደዚህ ታደርጋለች። ዳቦ ሲወድቅ ትስመዋለች፣ ፍሪጅ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔ... የሷ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች።

እዚህ ጋ አንጀታችሁ የተላወሰ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን ይባስ ነደድኩ። ቤትሽ እያየሽው ያደግሽው ነገር እኔ ጋ ሲሆን ነው ወንጀል የሚሆነው? አፌ ላይ የመጣውን አላህ ነው የሚያውቀው... ዋጥኩት።

ለማኔጀሩ በእንግሊዝኛ ረዘም አድርጋ አስረዳችው። ዳቦዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ተነፈሰ። ሪፖርቱ አንዴ ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባ መሰረዝ አይቻልም፣ ምክንያቱን ማስተካከል ግን ይቻላል አለ። ቋሚ መሆኔም አይነካም። ሊያ ቁጭ ብላ አዲስ ጻፈች። ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። «ሠራተኛዋ የበርገር ዳቦ ሳመች» ይላል። ስሜን እስከ አያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

ዛሬ ጠዋት ሺፍት ስገባ፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሊያን ምን እንደሚል ጠየቅኳት፣ እያፈረች ነገረችኝ። ዳቦ መሳም ክልክል ነው።

ዳቦ መጣል ደንብ፣ ዳቦ መሳም ጥፋት የሆነበት ኩሽና ውስጥ ነው እንግዲህ ቋሚ የምሆነው።