ቢጫዋ ወፍ የቀረችበት መስከረም

ባለፈው ሳምንት አሰላ ላይ ከጋሪ ስወርድ አንድ ረጅም የፈረስ ጭራ ፀጉር ነጠላዬ ላይ ተጣብቆ አገኘሁ። ልጥለው ብዬ ያዝኩት፤ ጣቴ ግን ሳላዘው ጠቅለል አድርጎ ሸምቀቆ ሠራበት። እኔ የምግብ ድስት ጥጄ የምረሳ አሮጊት ነኝ፤ እጄ ግን ይህን አልረሳም። ቢረሳልኝ ደስ ባለኝ።

ቤታችን ከአሰላ በላይ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወስደው ዳገት ላይ ነበር። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኔ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። በዚያ ክረምት አባቴ ደረታቸውን ታመው ተኙ። በበቅሎ ተጭነው ከተማ ወርደው መርፌ ተወግተው ተመለሱ፤ ሳሉ ግን አልለቃቸውም። ጨለማው ቤት እንዳያፍናቸው ብላ እናቴ መደባቸውን ትታ በጓሮ በር በኩል አነጠፈችላቸው። እዚያ ጋ የእርጥብ ሣር ክዳንና የፌጦ ሽታ ተቀላቅሎ ይሸታል። ከተኙበት ሆነው አጥሩም፣ ኮሶው ዛፍም፣ እናቴ ፍግ አልብሳ የዘራችው ቶሎ ደራሽ ገብስም ይታያቸዋል። ቀኑን ሙሉ ወፍ ያያሉ። የትኛዋ ማለዳ እንደምትመጣ፣ የትኛዋ ከየትኛዋ ጋር እንደተጣላች ይነግሩኛል።

ዝናቡ ሲሰለቻቸው፣ «የመስቀል ወፍን ካየሁማ ክረምቱን ወጣሁ ማለት ነው» ይሉ ነበር። ያቺ ጥቁር ከፋይ ለብሳ ወገቧ ላይ ቢጫ ጣል ያደረገች ወፍ፣ በየዓመቱ አደይ ሲፈነዳ አጥራችን ላይ ትታያለች። ከየት እንደምትመጣ የሚጠይቅ አልነበረም፤ እኛ ቤት ከሩቅ አገር ለበዓል የምትመጣ እንግዳ ነበረች። እሳቸው ለጨዋታ ያሉትን እኔ እንደ ሐኪም ቃል ያዝኩት።

ነሐሴ ላይ ጎተራው ተሟጠጠ። የአምናው አልቆ የዘንድሮው አልደረሰም፤ ከዚያች ከጓሮ ገብስ በቀር የምንጠብቀው አልነበረም። ገብሱ ወተት ሲይዝ ደግሞ ከአፈር የማይለዩ፣ ቡላ ቡላ የሆኑ ትንንሽ ወፎች በመንጋ ወረዱበት። እናቴ ጠራችኝና፣ «ይህን ወፍ ከጨረሰው ለአባትሽ አጥሚት የለ፣ ለአንቺና ለታናናሾችሽም ቂጣ የለ። ዐይንሽን ከዚህ ገብስ እንዳትነቅዪ» አለችኝ።

ብጮኽ፣ ወንጭፍ ብወነጭፍ፣ ከዚህ ተነሥተው እዚያ ያርፋሉ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ያኔ አባቴ በደኅናው ጊዜ ለቆቅ ያስተማሩኝ ወጥመድ ትዝ አለኝ። ከጎረቤታችን ፈረስ ጭራ ላይ ፀጉር ለምኜ፣ ሸምቀቆ ሠርቼ፣ እንጨት ላይ ደርድሬ በገብሱ ዳር ዳር አኖርኩት። በማግስቱ ሦስት ያዝኩ። በሳምንቱ ቁጥሩ ጠፋኝ። ሌሎቹ አይተው እንዲፈሩ አንገታቸውን እየጠመዘዝኩ አጥሩ ላይ አንጠለጠልኳቸው። የልጅ ልብ እንዴት ጨካኝ ነው። ደግሞ ኩራቴ! «አባዬ፣ ይዩልኝ» እያልኩ አንድ በአንድ አሳያቸዋለሁ። እሳቸው በእጃቸው ይዘው ላባዋን ገለጥ አድርገው ያያሉ፤ ከዚያ «ጎበዝ» ይሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ደክሟቸው ነው ብዬ እወጣለሁ።

መስከረም ጠባ። ጭላሎ ጉሙን ጥሎ ብቅ አለ፤ ሜዳው አደይ ለበሰ፤ አፈሩ በፀሐይ ሲሞቅ የሚሸተው ሽታ መጣ። አጥራችን ላይ ግን የመስቀል ወፍ የለችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት ሆነ። ለደመራ ችቦ ሲታሰርም የለችም። አባቴ በነጋ በጠባ ዐይናቸው አጥሩ ላይ ነው። እኔም ከአጥሩ ሥር አልጠፋም።

ባለ ፈረሱ ጎረቤታችን፣ የአርሲ ኦሮሞ ሽማግሌ፣ ለአባቴ ወተት ይዘው መጡ። ደጃፍ ላይ ጠብቄ፣ «ዘንድሮ የመስቀል ወፍ የት ቀረች?» አልኳቸው። ሽማግሌው ወደ አጥሩ ሄደው፣ ከደረቁት ወፎች አንዷን ፈትተው ላባዋን ገለጡልኝ። ከሥር ጥፍር የምታህል ቢጫ ላባ ብቅ ብላለች።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ከየት ትመጣለች? እዚሁ ናት። ወንዱ ክረምቱን ይህን አፈር የመሰለውን ይለብሳል፤ መስከረም ላይ ቢጫውን ያወጣል። ሊቀይር ሲል ነው የያዝሽው።»

የደረቀችውን ወፍ ይዤ ወደ አባቴ ገባሁ። እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

«አውቄያለሁ» አሉ። «የመጀመሪያዋን ስታሳዪኝ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልከለከሉኝም?»

«ምን ብዬ ልከልክልሽ? ወፏን የምፈልጋት እኔ ነኝ። ገብሱን የምትፈልጉት እናንተ ናችሁ።»

እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው፣ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው አላነሡትም።

ጥቅምት ሳይጋመስ አረፉ። ወፏ ብትመጣ ይድኑ ነበር አልልም፤ አሁን ልጅ አይደለሁም። ግን ሊያዩዋት የሚጓጉላትን ወፍ እኔ አንድ በአንድ ሳንቃት፣ «ጎበዝ» እያሉኝ መዋላቸው ይከብደኛል። ስልሳ ዓመት ተሸክሜው ደከመኝ፤ የማወርድበት ቦታም አላገኘሁ።

ገብሱ ወፍ ሳይጨርሰው ገባ። እናቴ ቀቅላ የለቅሶው ንፍሮ አደረገችው። ርቦኝ ነበርና እኔም ዘግኜ በላሁ።