የአልጋዬ ብረት

ጉደር በምሠራበት ወርክሾፕ የተቆረጠ አሉሚኒየም ሲሸተኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ልጅ ሳለሁ አባቴ አምቦ ቤታችን ውስጥ የአልጋዬን ብረት ቆርጦ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የብረት መቅረጫ ማሽን ሠራበት። እኔን መሬት አስተኛኝ። «መብራት ሲጠፋ ማንም እንዳይነካው፤ ሲመጣ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው» ይለን ነበር።

አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ገባሁና የማሽኑን ክንድ ሆን ብዬ ገፋሁት። መብራቱ ሲመጣ መቁረጫው ያለቦታው ገብቶ አባቴ ስንት ቀን የለፋበትን አሉሚኒየም ቦደሰው።

«ስትጠርጊ ነክተሽው ነው» ብሎ እናቴ ላይ ጮኸ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። ለካ ስገፋው አይታኝ ኖሯል፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «ደግ አደረግሽ» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ነበር።

አባቴ ዛሬም ለመጣ እንግዳ ሁሉ የእሷን ጥፋት ይተርካል። እሷም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች።