አንድ ክንድ መግቢያ

ቢቸና ላይ ሰው ከሰው የሚጣላበት ምክንያት ሞልቶ ተርፏል፤ እንዳለውና ፋንታ ግን ከሁሉ ትንሹን መርጠው በአንድ ክንድ መሬት ተጣሉ። ሽንኩርት ቢተከልበት ለአንድ ሳምንት ወጥ አይበቃም። የተጣሉበትን ቦታ ሄዳችሁ ብታዩት እናንተ ታፍራላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንዳለው እህቱ ወይንእሸት ባገባችበት በሞጣ ከተማ፣ በኮምፒውተር ጽሕፈት ሥራ ተቀጥሮ አራት ዓመት ኖረ። እሱ በሌለበት ቢቸና ያለው የእናቱ የዘርፈሽ ግቢ አጥር በሰበሰ። ጎረቤቷ ፋንታ "እኔ አድስልዎታለሁ፣ እትዬ" አለና አዲሶቹን የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ወደ እሷ ግቢ አንድ ክንድ አስገብቶ ተከላቸው። ዘርፈሽ ቆማ እያየች ዝም አለች። ሞኝ ሆና አይደለም። ሲያማት ሰው የሚጠራላት ፋንታ ነው፤ እሳት ሲጠፋባት ፍም የምታቀብላት ሚስቱ ባንቺዓለም ናት። በአጥሩ መካከል ሁለቱ ሴቶች የሚገናኙባት አንዲት መሹለኪያም ነበረች። ዘርፈሽ ይህንን ከዚያ ጋር መዘነችና አንዱን ክንድ ተወችው።

ልጇ ግን አልተወም። በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት ወደ ቢቸና ተመልሶ በመናኸሪያው መንገድ የራሱን ጽሕፈት ቤት ሲከፍት፣ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው በዚያ አጥር ላይ ነው። ሽማግሌ አስቀመጠ። ፋንታ በሽማግሌዎቹ ፊት ጋቢውን አጣፍቶ "ቋሚውን ስተክል እትዬ ዘርፈሽ ቆመው አይተዋል። እሱ ያኔ የት ነበር?" አለ። ዘርፈሽ ስትጠየቅ መሬት መሬቱን አየች። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለ አንዱ ሽማግሌ፤ ሌሎቹ ሳቁና ወደየቤታቸው ሄዱ። እንዳለው መሬቱን ይረሳ ይሆናል፣ ያንን ሳቅ ግን አልረሳም። ከዚያ ቀን ወዲህ ፋንታን "አያ" ብሎ አልጠራውም፤ የእግዜር ሰላምታም ነፈገው።

የኮምፒውተር ጨዋታውን ያመጣለት ደብረ ማርቆስ የሚማር አንድ ተማሪ ነው፤ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ በፍላሽ ጭኖለት ሄደ። ጥቂት ሰፋሪዎች ባዶ መሬት ላይ ይወርዳሉ። አንተ ታዛቸዋለህ፤ ያርሳሉ፣ ድንጋይ ይጠርባሉ፣ ቤት ይሠራሉ። ትንሽ ቆይቶ ወራሪ ይመጣል። ወራሪው አይከራከርም፣ ምስክር አይጠራም፣ አይስቅም። ወይ ይገድልሃል ወይ ትገድለዋለህ። እንዳለው እንዲህ የጠራ ጠብ በሕይወቱ አይቶ አያውቅም ነበርና ልቡ ተሰረቀ። ባለጉዳይ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ እሱ ቅጥር ይሠራል።

ሌላ ሰው ቢሆን እህሉንና ከብቱን ያበዛ ነበር። እሱ ግን ቅጥር ብቻ ነው የሠራው። ደጋግሞ ተሸንፎም ሁለት ነገር ተማረ። ቅጥሩን ዙሪያውን ከዘጋኸው ጠላት ግድግዳህን ይቆፍራል፤ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ከተውክለት ግን ተሰልፎ በእሷ ይመጣል። ቀዳዳዋም ቀጥ ማለት የለባትም። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ ከታጠፈች ጠላት በየመታጠፊያው አንድ በአንድ ይለቀማል። ይህችን ጠምዛዛ መግቢያ "ጉሮሮ" አላት። ሰፋሪዎቹን በዘመዶቹ ስም ጠራቸው፤ ከመካከላቸው ዘርፈሽ የምትባል አትክልተኛ ነበረች። ወራሪዎቹ ሁሉ ስማቸው ፋንታ ነው። "ዛሬ አሥራ አንድ ፋንታ ጉሮሮ ላይ አስቀረሁ" እያለ ሞጣ ላለች እህቱ ይደውላል። "አንተ ልጅ፣ ሚስት አግባ" ትለዋለች ወይንእሸት።

ሰፋሪ ሲቆስል ወይም ሲታመም የሚሆነውንም መቶ ጊዜ አይቷል። አንዱ ባልንጀራው ይሮጣል፣ ብቻውን አንስቶ ይታቀፈዋል፣ በጉሮሮው ሽው ብሎ ገብቶ አልጋ ላይ ያስተኛዋል። እንዳለው ይህንን እያየ ምንም አላሰበበትም። ማንስ ያስብበታል?

በዓመቱ ጥር ላይ ግንበኛውን ስጦታውን ጠራና ከኮምፒውተሩ ያተመውን ሥዕል ሰጠው። ስጦታው ወረቀቱን ገልብጦ አየ፣ አዙሮ አየ።

"በሩ የቱ ጋ ነው?" አለው።

"ይኸው" አለ እንዳለው፣ በጣቱ ጠምዛዛዋን መስመር እየተከተለ። መግቢያዋ ከመንገዱ ተነሥታ የፋንታን ድንበር ተደግፋ ትሄዳለች፣ ሦስት ጊዜ ትታጠፋለች፣ ከዚያ ግቢ ትገባለች።

"ወርዷስ?"

"አንድ ክንድ። አንድ ክንድ ወሰደብኝ፤ አንድ ክንድ ትቼለታለሁ።"

ስጦታው ብዙ ሞኝ አይቷል፤ ለሞኝ መሥራትም ሥራ ነው። ድንጋዩን በጭቃ እየደረበ ከሰው ቁመት በላይ አወጣው፤ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ሰካበት። የሁለቱ ሴቶች መሹለኪያም ተደፈነች። የመጨረሻው ድንጋይ ሲገባ ባንቺዓለም ከወዲያ ማዶ ቆማ ነበር፤ ዘርፈሽ ከወዲህ።

"እማየ፣ አሁን ማን ይነካናል?" አለ እንዳለው ማምሻውን።

"ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሲባል አልሰማህም?" አለች ዘርፈሽ። ቅጥሩን ከላይ እስከ ታች አየችው። "መግቢያ ሠርተሃል፣ ልጄ። መውጫዬን ግን አላየሁትም።"

እሱ የአሮጊት ንግግር አድርጎ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ ወደዚያ ግቢ መግባት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም። ውሃ ቀጂዋ ጄሪካኑን በእግሯ ፊት ፊት እየገፋች ትገባለች፤ የማገዶው ሸክም መንገድ ላይ ተፈትቶ በቅጥሩ አናት ይወረወራል። የዘርፈሽ የነፍስ አባት አባ ሣህለ ማርያም ሊጠይቋት መጥተው፣ ሆዳቸው አልተባበር ብሎ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ቀሩ። ወደ ኋላ ጎትተው ሲያወጧቸው ካባቸው ተቀዷል። መንገዱ ላይ ቆመው "ዘርፈሽ፣ ወዲህ ወደ ግድግዳው ቅረቢ" ብለው ጠበሉን ከቅጥሩ በላይ ረጩላት። ሰፈሩ ሁሉ አፈረ። እንዳለው ግን በልቡ "ይሠራል" አለ።

ፋንታም ዝም አላለም። በግቢው ሲንጎራደድ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ባንቺዓለም፣ ጎረቤታችን ምን ወርቅ አግኝቶ ይሆን የቀበረው?" ይላል። ወዲያ ማዶ እንዳለው ጥርሱን ይነክሳል። ቀስ በቀስ እንግዳው ሁሉ ቀረ። ዘርፈሽ ቀኑን ሙሉ ደፏ ላይ ተቀምጣ ጭቃና ድንጋይ ታያለች። በስልክ ለልጇ ለወይንእሸት "ደህና ነኝ፣ የሚነካኝም የለ፣ የሚጠይቀኝም የለ" አለቻት። ወይንእሸት ለወንድሟ ደውላ "በሩን ክፈትላት" ብትለው፣ "አንቺ ሞጣ ተቀምጠሽ የፋንታን ነገር አታውቂም" ብሎ ዘጋባት።

ግንቦት ላይ ዘርፈሽን ሆዷን ያማት ጀመር። ብርድ ነው ብላ ዝንጅብል ጠጣች። በማግሥቱ ማክሰኞ ጠዋት ሆዷ ተነፍቶ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ከአልጋው መነሣት አቃታት። እንዳለው ጮኾ በጎኑ እየተንሸራተተ ወደ መንገድ ወጣ። ሰው እስኪሰበሰብ ጊዜ አልፈጀም፤ የዕድሩ ሰዎች ቃሬዛ ይዘው መጡ፣ ባጃጅም ታች ቆመ። ጩኸቱን ቀድሞ የሰማው በግድግዳው ማዶ ያለው ፋንታ ነበርና የቃሬዛውን የፊት እጀታ ይዞ የመጣው እሱ ነው።

እንዳለው ሲያየው ደሙ ፈላ።

"አንተ ግቢዬን አትረግጥም" አለው።

"ስላንተ አልመጣሁም" አለ ፋንታ።

"አትረግጥም አልኩህ።"

ፋንታ እጀታውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሌሎቹ ቃሬዛውን ወደ መግቢያዋ አስጠጉት። አልገባም። አቆሙት፣ አጋደሙት፣ በጎኑ አዞሩት፤ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እንጨቱ ግድግዳ ገጭቶ ቆመ። "የሰው መውጫ የሌለው ቤት!" አለ አንድ ሽማግሌ። በዚህ አገር በሽተኛን አራት ሰው ነው የሚሸከመው፤ ሬሳንም አራት ሰው። ይህንን ቢቸና ላይ የማያውቅ ሕፃን የለም። እንዳለውም ያውቅ ነበር፤ ግን ቅጥሩን የሠራው በሌላ አገር ሕግ ነው።

"እኔ ብቻዬን አወጣታለሁ" አለና ተመልሶ ገባ።

እናቱን ከአልጋዋ አንስቶ ታቀፋት። ከገመተው በላይ ከበደችው። በጎኑ እየተራመደ ሦስተኛውን መታጠፊያ እንደ ምንም ጠቅልሏት አለፈ፤ ዘርፈሽ ስትታጠፍ ያሰማችው ድምፅ የሰው ድምፅ አልነበረም። ሁለተኛው ላይ ራሷ አንዱን ግድግዳ፣ እግሯ ሌላውን ነክቶ ቆመ። ወደ ፊት አይሄድ፣ ወደ ኋላ አይመለስ። ክንዱ ዛለ። እዚያው ቁጢጥ ብሎ ጭኑ ላይ አሳረፋት። እላያቸው ላይ የሚታየው ጠባብ ሰማይና የጠርሙስ ስባሪ ብቻ ነው።

"እንዳለው" አለች ዘርፈሽ። "በየት ነው የምንወጣው?"

የተደገፈው ግድግዳ የፋንታ ድንበር መሆኑ ድንገት ትዝ አለው።

"አያ ፋንታ!" ብሎ ተጣራ። "አያ ፋንታ፣ ይድረሱልን።"

ፋንታ ዲጂኖ ይዞ በራሱ ግቢ በኩል ግድግዳው ሥር ቆሞ ነበር። የቃሬዛው እንጨት ሲገጭ ሰምቶ የሚሆነውን አውቆታል። "ራሷን ሸፍንላት" አለና መታ። ስጦታው ጥሩ ግንበኛ ነው፤ ግድግዳው ቶሎ አልተበገረም። እንዳለው በየምቱ በእናቱ ላይ ተደፍቶ አፈሩን በጀርባው ተቀበለ። ዲጂኖው ሲመታ ትተነፍሳለች፣ ሲመታ ትተነፍሳለች። ከዚያ የዲጂኖው ድምፅ ብቻ ቀረ። እንዳለው ግን ትንፋሿ የማይሰማኝ ከዲጂኖው ጩኸት ነው እያለ ራሱን አታለለ።

መጀመሪያ የተከፈተው በእግሯ በኩል ነው። የፋንታ እጅ በቀዳዳው ገብቶ እግሯን ያዘ። ይዞት ቆየ። ከዚያ ዲጂኖውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አጋደመውና ራሱ ላይ የጠመጠመውን ጨርቅ ፈታ።

"ምን ሆነ?" አለ እንዳለው። "ለምን ተዉት? ይምቱት እንጂ።"

ፋንታ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው አየው። የፋንታ ፊት በአፈር ተለውሷል።

"አንተ እኔን ነበር የምትጠብቀው" አለ።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ይቅርታም አልነበረበትም። ሌሎቹ መጥተው የቀረውን ድንጋይ በእጃቸው አፈረሱ። ዘርፈሽን በፋንታ ግቢ በኩል አውጥተው ቃሬዛው ላይ አኖሯት፤ አራት ሰዎች አነሧት። ሁለት ዓመት የተጣሉበትን አንድ ክንድ በአንድ እርምጃ አለፉት።

ወይንእሸት በዚያው ቀን በአውቶቡስ ከሞጣ ደረሰች። ቀብሩ ላይ ፋንታ ተሸከመ፣ አፈር መለሰ፣ ከሐዘንተኛው ጋር ተቀመጠ፤ ለእንዳለው ግን "እግዜር ያጥናህ" አላለውም። ያንን ክንድም አልመለሰም። እንዳለውም አልጠየቀውም። "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ይላል የአገሩ ሰው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን የደረሱበት ሰው ግን እንዳለው የመጀመሪያው ነው።

ከሠልስቱ በኋላ ወይንእሸት ወደ ሞጣ ልትመለስ ስትል ጽሕፈት ቤቱ ገባች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃለች። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"እማየን እዚህ ውስጥ አስገብቻታለሁ ትለኝ ነበር። አሳየኝ" አለችው።

እንዳለው ኮምፒውተሩን ከፈተ። ቅጥሩ እንደተተወ አለ፤ ጉሮሮውም አለ። ከውስጥ አንዲት ትንሽ ሴት የጎመን መደብ እየኮተኮተች ወዲያ ወዲህ ትላለች።

"ይቺ ናት?"

"ናት።"

ወይንእሸት ጎንበስ ብላ አየቻት። ትንሿ ሴት ጎመኑን ጨርሳ ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

"እዚህስ ስትታመም በየት ያወጧታል?"

"አንዱ ይሸከማትና በዚያው በጉሮሮው ያልፋል።"

"አንዱ ብቻውን?"

"ብቻውን" አለ እንዳለው።

ወይንእሸት ከወንበሩ ተነሣች። ለአውቶቡሱ ገና ሰዓት ነበራት፤ ግን ወንድሟን ሳትስመው ወደ መናኸሪያው ሄደች።