ላሚቱ ያሳደደችው ትራክተር

ዛሬ ድርቆሽ የጫነ መኪና በደጄ ሲያልፍ ሽታው መጣብኝ። ላማችንን ውሃ የሚያጠጣው ልጄ «ሽታው ደስ ሲል!» አለ። እኔ ግን ፊቴን አዞርኩ።

ጎረምሳ ሳለሁ ደብረ ኤልያስ አጠገብ ሰፊ የሣር መሬት ነበረን። አባቴ በማጭድ አልዘለቅ ቢለው ማጨጃ የተገጠመለት አንድ አሮጌ ትራክተር አስመጣ። ላማችን በአጨዳው ዋዜማ ሌሊት ወልዳ አድራለች። ላም ደግሞ ጥጃዋን ረጅም ሣር ውስጥ ትደብቃለች።

«አባባ፣ መጀመሪያ ጥጃውን እንፈልግ» አልኩት።

ቀና ብሎ ደመናውን አየ። «ዝናቡ አንተን ይጠብቃል? ሣሩ ከበሰበሰ በጋ ላይ ከብቱ ሁሉ ያልቃል» አለኝና ወደ ሾፌሩ ዞሮ «ንዳው!» አለ።

ማጨጃው እየተንገጫገጨ ገባ። ላሚቱ እየጮኸች ከኋላው ትሮጥ ጀመር።

ሾፌሩ አንገቱን አዙሮ «ጋሼ፣ ላምዎ ትራክተሬን ወደደችው!» ቢል ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴም ሳቀ።

ትንሽ እንደሄደ ማጨጃውን አንድ ነገር ያዝ አደረገው። ወርደን ብናይ ጥጃው ከጉልበቱ በታች እግር የለውም፤ ዓይኑ ግን ያያል። አባቴ በቢላዋ ገላገለው። ቢላዋውን በሣሩ ጠረገና «ሣሩ ምን አጠፋ? ሲደርቅ አብራችሁ እሰሩት» አለን።

በጋው ገፍቶ ከብቱ ሲራብ ያንን ደም የደረቀበትን እስር ፈታሁት። ላሚቱ አሸተተችው፤ ብዙ ቆየች።

አባቴ በረት በር ላይ ቆሞ «ተዋት፣ ትበላለች» አለኝ።

በላች።

«አባባ፣ ለላማችን አንድ እስር እንግዛላት?» አለኝ ዛሬ ልጄ፣ ድርቆሽ የጫነውን መኪና እያየ።

«ግዛላት» አልኩት። «ትበላለች።»