የቲቸር ናየር ኢቲሃሳ

ልጅ እያለሁ ሳን ሆዜ የነበረን አፓርታማ በጋለ የኮኮነት ዘይትና በሰናፍጭ ፍሬ ይሸት ነበር። ሽታው የእኛ አይደለም፤ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት የቲቸር ናየር ነው። ቲቸር ናየር የህንድ ሽማግሌ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ ጅማ ታሪክ አስተምረዋል፤ ሲያረጁ ሳንታ ክላራ የሚሠራው ልጃቸው አምጥቶ ጎረቤታችን አደረጋቸው። መጀመሪያ ቀን ደረጃው ላይ በአማርኛ «እንደምን አደርሽ» ሲሏት እናቴ ዕቃዋን አስቀምጣ እጅ ነሳች። እሷንም አዲስ አበባ ሒሳብ ያስተማራት ህንድ ነበርና ህንድ ሽማግሌ ስታይ ወዲያው ተማሪ ትሆናለች። ከዚያ በኋላ እሷ ከሥራ እስክትገባ ከትምህርት ቤት መልስ የምቆየው እሳቸው ጋ ሆነ።

አማርኛቸው ጉድ ነበር። ሁሉም ሰው ለእሳቸው «አንቺ» ነው። የሐበሻው ሁሉ ሽማግሌ የሆኑትን፣ ከኦክላንድ እየነዱ የሚጠይቁንን ጋሽ ተፈራን እንኳ «አንቺ ጋሽ ተፈራ» ይሏቸዋል፤ ጋሽ ተፈራም ጢማቸውን እያሻሹ ይቀበላሉ። እኔ ደግሞ አማርኛ እየሰማሁ በእንግሊዝኛ የምመልስ ልጅ ነበርኩ፤ እዚህ ያደግን ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን። ቲቸር ሩዛቸውን እያማሰሉ ስለተሰደዱ የንጉሥ ልጆች፣ ስለሚናገሩ ወፎች፣ ስለተቆጣ ወንዝ ያወሩልኛል። ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አለችኝ፦ «ግን ሪል ነው?»

ያንን የምጠይቀው ለወፎቹ ብዬ አልነበረም። ቤት ውስጥ ሌላ ተረት ነበረኝ፦ አባቴ። አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ይነዳል። አንዴ ጎርፍ የያዘውን አውቶቡስ ከነተሳፋሪው በሰንሰለት ጎትቶ አውጥቷል። እናቴ ዩኒፎርሟን እያጠፈች ይህን ትነግረኝና «የቪዛው ፕሮሰስ ሲያልቅ ይመጣል» ብላ ትጨርሳለች። ጥለነው ስንመጣ ጡት የምጠባ ልጅ ነበርኩ፤ ፊቱን አላውቀውም። ስለዚህ እሱና እነዚያ የንጉሥ ልጆች ለእኔ የአንድ አገር ሰዎች ነበሩ፣ ከሁለቱም ማንም በራችንን አንኳኩቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ቲቸር ማማሰያውን አስቀምጠው መለሱልኝ። «ለዚህ የእኛ ሰው የጥንት ቃል አለው፣ የሳንስክሪት። ኢቲሃሳ። እንዲህ ነበር፣ በእርግጥ እንዲህ ነበር ማለት ነው።»

ታሪክ ነው ወይስ ተረት ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሁለቱም እዚያው ውስጥ ነው። ጅማ ተማሪዎቼ ተረት ሲጨርሱ ‹ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ› ይሉኝ ነበር። ተረት ይመለሳል። ኢቲሃሳ ግን አይመለስም፤ የሆነ ነገር ነዋ።»

ብዙም አልገባኝም። ሩዙን በላሁ።

የእኛ ሰው መርዶ በስልክ አይናገርም። የዕረፍት ቀን ይጠበቃል፣ በማለዳ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ሐዘንተኛው እንዲቀመጥ ይደረጋል፣ ከዚያ ይነገረዋል። ያን ቅዳሜ ማለዳ ከፒጃማዬ ሳልወጣ ጋሽ ተፈራ እጄን ይዘው የቲቸርን በር አንኳኩ። ፓርኪንጉ በመኪና ሞልቷል። ሴቶቹ ከጃኬታቸው ሥር ጥቁር ለብሰዋል። በኋላ እንደሰማሁት ኦክላንድም ሳን ሆዜም ያለው ሐበሻ ሁሉ ከወራት በፊት ያውቅ ነበር፤ እናቴ የነርስ ረዳትነት ፈተናዋን ትጨርስ ተብሎ ነው የተቆየው።

«ቲቸር፣ ልጅቷ እርስዎ ጋ ትዋል» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ከራሴ በላይ። «አማርኛ አትሰማም፣ ግድ የለም። የአባቷን ነገር በኋላ እኛው እንነግራታለን።»

ሰማሁ። ገብቼ የለመድኩት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ የእናቴ ጩኸት በግድግዳው መጣ። ቲቸር ምጣዱን ከእሳት አወረዱ። ያኔ ዛሬ እኔ ላውራ አልኩና የአውቶቡሱን ነገር ከጎርፉ እስከ ሰንሰለቱ ተረኩላቸው። ስጨርስ የዘወትር ጥያቄዬን ጠየቅኋቸው፤ ሪል ነው?

«ኢቲሃሳ» አሉኝ። ዓይናቸውን ግን ከእኔ አላነሱም።

ገባኝ። ምንም አልተሰማኝም። አልቃሽ ልጅ ነበርኩ፣ ካልሲ ጠፋብኝ ብዬ ሁሉ የማለቅስ፤ ያን ቀን ግን አንድ ጠብታ እንኳ አልመጣም። ከዚያ ቅዳሜ የቀረኝ የሰናፍጩ ሽታና የእግሬ ቅዝቃዜ ነው።

በኋላ እንነግራታለን ያሉት ሁሉ ሌላው የነገረኝ እየመሰላቸው ቀሩ። እናቴ ጥቁር ለበሰች፣ ጥቁሩን አወለቀች፣ ስለ ፕሮሰስ ማውራት ተወች። አልጠየቅኋትም። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይባል የለ፤ እኛ ቤት ወርቁ በዝቶ ነበር። ቲቸር ናየር ሞቱ። ጋሽ ተፈራም ተከተሏቸው። ትምህርቴን ጨረስኩ፣ አገባሁ፣ ኮንኮርድ ከተማ ቤት ገዛሁ። የአባት ስም በምጠየቅበት ሁሉ ስሙን እናገራለሁ፣ ልቤ ግን ዝም ነው።

ባለፈው ክረምት እናቴ እኛ ጋ ሰንብታ ሳለ ልጄ ከምትልጠው ሽንኩርት ቀና ብላ «እማማ፣ ሃው ዲድ ሂ ዳይ? አያቴ?» ብላ እንዴት እንደሞተ ጠየቀቻት። እናቴ የዞረችው ወደ እኔ ነው።

«ለአንቺ ማን ነገረሽ?»

«ማንም» አልኳት።

ከዚያ ምድጃውን አጠፋች፣ ልጄን ውጪ እንድትጫወት ላከቻት፣ ነጠላዋን ከወንበሩ አንስታ አዘቅዝቃ ለበሰች። በእኛ ጊዜ ለአንድ ሞት ፓርኪንግ ሙሉ ሰው ይመጣ ነበር፤ አሁን ወጥ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ነን፣ እሷም ጉልበቷን የምታሻሽ አሮጊት ናት፣ እኔም ጎልማሳ ሴት ነኝ።

«እስቲ ቁጭ በይ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ሁለት እጄን ያዘች።

«አባትሽ ሞቷል፣ ልጄ።»

«መቼ?» አልኳት፣ ገና እንደሰማ ሰው፤ ድምፄም የእኔ አልመስል አለኝ።