የአቡዬን ሥዕል የለበሰው ዘንዶ

ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ይዤ ሳነብ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው አንገቱን አስግጎ «ስለ ምንድነው?» ይለኛል። «ስለ ዘንዶ» ስለው በእኔ ፈንታ እሱ ያፍራል። ይፈር! ሽበት ያወጣሁ ሴት ነኝ፤ ስለ ዘንዶና ስለ ጠፈር መርከብ ማንበቤን የምተው መስሎት ከሆነ ተሳስቷል።

ሰሞኑን የጨረስኩት ልቦለድ ስለ ጠፈር መርከብ ነው። ተሳፋሪዎቹ እንደማይደርሱ እያወቁ ይሳፈራሉ፤ የሚደርሱት የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። ደራሲው ስለ ሞተሩ ሲያብራራ ስለሰለቸኝ ገጽ እየዘለልኩ አልፌዋለሁ፤ አሮጊቷ ለማታየው አገር ዘር ስትቋጥር ግን አልቅሻለሁ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ «ይሄ ከኛ ኑሮ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለኝ። ለቡ ኮንዶሚኒየም ሄደህ ጠይቅ አልኩት፤ ወላጅ ተመዝግቦ ሲጠብቅ ኖሮ ቁልፉን ልጅ የተረከበበት ቤት ሞልቷል።

ዋናው ጠብ ግን የጠበቀኝ ቤቴ ነው። የምኖረው መካኒሳ አቦ፣ ከእናቴ ጋር ነው። መጽሐፍ ስገዛ ባለፈው ዓመት ካላንደር ወረቀት እሸፍነዋለሁ፤ የሰፈራችን አቧራ አያድርስ ነው። የዘንዶውን መጽሐፍ የሸፈንኩበት ወረቀት የአቡዬ ሥዕል ነበረበት፤ አንበሳና ነብር ከብበውት፣ ወፏ ከዓይኑ እንባ ስትጠጣ። ዓይኗ የደከመው እናቴ ጠረጴዛ ላይ ስታገኘው ገድል መሰላት። ተሳልማ ትራሷ ሥር አኖረችው። እኔ ታክሲ ውስጥ የጣልኩት መስሎኝ ስበሳጭ ሰነበትኩ።

የንስሐ አባታችን ቤቱን ጸበል ሊረጩ የመጡ ቀን ትራሷን አንስታ አወጣችው።

«አባ፣ ከአቡዬ ገድል ትንሽ ያንብቡልኝ።»

ከፍተው ግማሽ ገጽ ያህል በዝምታ አነበቡ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይሄ ገድል አይደለም።»

«የኔ ልቦለድ ነው አባ። ስለ ዘንዶ ነው።»

«በስመ አብ! ዘንዶ ተንተርሼ ነው የከረምኩት?» እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ይውጣልኝ! መደርደሪያሽ ላይ ያሉትም አንድ ሳይቀሩ ይውጡ!»

አባ ሥዕሉን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይሄ የመጽሐፍ ልብስ አይደለም፤ አንሺው። የቀረው የናንተ የቤት ጉዳይ ነው።»

እዚህ ላይ ልክ ነበሩ። ሽፋኑን ገፍፌ፣ ሥዕሉን ተሳልሜ ለእናቴ ሰጠኋት። ዘንዶው አፉን እንደከፈተ ራቁቱን ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«መጽሐፎቹ ግን አይወጡም» አልኳት። «እነሱ ከወጡ እኔም እወጣለሁ። አንበሳ ከሰው ጋር እንደኖረ፣ ወፍ እንባ እንደጠጣች እየነገርሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ይሄን ፍቅር ከሌላ ያመጣሁት መሰለሽ?»

አባ እኔንም መደርደሪያውንም ጸበል ረጭተው ሄዱ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሥዕሉን ከመደርደሪያዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች።

«አንቺን ከነሱ እንዲጠብቅሽ ነው» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

ይጠብቀኝ። መጽሐፎቼን አየኋቸው፤ አንድም አልጎደለም። የዘንዶውን መጽሐፍ ከሥዕሉ ሥር፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ አቆምኩት። ሽፋን አላለበስኩትም።